ጓደኞችን ትቶ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለአንድ የትምህርት ዘመን ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ቪዛ፣ ስለ መኖሪያና ስለ ክፍያ የሚጠይቀው ቢሮ አያጣም። ስለ ጓደኞቹ የሚጠይቀው ግን ማንን እንደሆነ ስለማያውቅ ጥያቄውን ይዞት ይተኛል። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ፤ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሸኝቼ ቀርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሊሄዱ የተነሡ ተማሪዎችና ጓደኞቻቸው ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ጥናት ባለበት ጥናቱን ጠቅሻለሁ፤ የቀረው ካየሁትና ከደረሰብኝ የተማርኩት ነው።

አንድ ዓመት ብቻ ነው። ይህን ያህል ሆድ ሊብሰኝ ይገባል?

ይገባል። «አንድ ዓመት ብቻ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ የማይሄዱት ሰዎች ናቸው፤ ለማጽናናት ብለው እንደሆነ ባውቅም ቃሉን አልወደውም።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት ሐኪም የመመረቂያ ጽሑፉን በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ሲያቀርብ፣ መመለስና ሕመም የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋብቶ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ስም ፈጠረ። ናፍቆትን እንደ ደዌ ቆጥሮ ነው የጻፈው። ከጠቀሳቸው ታማሚዎች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ወጣት ነበር። በሐዘን ተይዞ፣ ትኩሳትና ጭንቀት ተደራርቦበት፣ ሰዎች ሞቱን ይጠብቁ ጀመር። ወደ አገሩ ሊወስዱት ሲነሡ ግን ይሻለው ጀመር። በርንና ባዝል ዛሬ በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናቸው። ያ ወጣት የሄደበት ርቀት ከእናንተ ርቀት ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም፣ የሚያውቀው ሰው ደጃፉን ሳያንኳኳ ቀኑ መሽቶ መንጋቱ ለእርሱ በቂ ነበር።

ስለዚህ ሆድ ቢብሳችሁ ደካሞች ስለሆናችሁ አይደለም፤ የሚናፈቁ ጓደኞች ስላሏችሁ ነው።

እንደምሄድ መቼ ልንገራቸው?

መሄዳችሁ እንደተረጋገጠ፣ በአካል፣ አንድ በአንድ። ቢያንስ ለቅርቦቹ እንዲህ አድርጉ። እኔ ቪዛው እስኪመታ ብዬ ዝም አልኩ። ነገሩ ቢፈርስ እንዳላፍር ነበር። አንድ ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምቶ ደወለና «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቢፈርስም ይፍረስ፤ የመፍረሱን ሐዘን የሚካፈሉት እነርሱው ናቸው።

ከመሄዴ በፊት ባሉት ሳምንታት ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር በረባ ባልረባው እንጋጫለን። ምን ሆነን ነው?

ተኳርፎ መለያየት ተዋድዶ ከመለያየት ስለሚቀል ነው። ሁለታችሁም ሳታውቁት ስንብቱን ለማቅለል እየሞከራችሁ ነው። አንዷ አርፍዳ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትቆጣለች፤ የተቆጣችው ግን በመዘግየቱ አይመስለኝም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚያረፍድባት ሰው እንኳ እንደማይኖር አስባ ነው።

አንዳችሁ አፍ አውጥታችሁ «የምንጣላው ልትሄጂ ስለሆነ ይመስለኛል» በሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር የተናገሩ ጓደኛሞች ሲስቁም ሲያለቅሱም አይቻለሁ፤ ጠቡ ሲቀጥል ግን አላየሁም።

የመሰናበቻ ግብዣ ላድርግ?

ደስ ካላችሁ አድርጉ። ነገር ግን ግብዣ ላይ ሃያ ሰው እየተቀበላችሁ ከማንም ጋር ሳታወሩ ይመሻል። ለአራት ወይም ለአምስት ሰዎች ለየብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡ፤ ለዚያውም አዲስ ቦታ ሳትፈልጉ፣ ሁልጊዜ የምታደርጉትን አድርጉ። ከአንዱ ጋር ኳስ የምታዩ ከሆነ ኳስ እዩ። ርቃችሁ ስትሄዱ ትዝ የሚላችሁ ያ የተለመደው ነገር ነው።

ስጦታ ወይም ማስታወሻ መስጠት ጥሩ ነው?

በጣም። ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ እ.ኤ.አ. በ1987 በ3,244 ተማሪዎች ሲጀመር ስሙን የወሰደው ከሮተርዳሙ ሊቅ ከኢራስመስ ነው። ስሙ በደንብ ይገባዋል፤ ሰውየው ከአገር አገር እየዞረ የተማረና ያስተማረ፣ ጓደኝነቱን በደብዳቤ ያቆየ ሰው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1517 ኢራስመስና የአንትወርፑ ወዳጁ ፒተር ጊሊስ፣ ኩዊንቲን ማትሲስ የተባለውን ሠዓሊ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ምስሎች አሠሩትና እንግሊዝ ላለው ጓደኛቸው ለቶማስ ሞር ላኩለት። በሥዕሉ ላይ ጊሊስ ደብዳቤ ይዟል፤ ደብዳቤው የሞር የራሱ ነው። ሠዓሊው የእጅ ጽሑፉን ሳይቀር አስመስሎ ሥሎታል። ሦስቱ ጓደኛሞች በአንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ባይችሉ፣ ሁለቱ በመልካቸው ሦስተኛው በእጅ ጽሑፉ እንዲገናኙ አደረጉ ማለት ነው።

ሠዓሊ መቅጠር አይጠበቅባችሁም። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል። የምትጽፉት ግን ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ይሁን፤ ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ጓደኛ ልትሰጡት የምትችሉት ከሆነ ገና አልተጻፈም።

ከስንት ጓደኞቼ ጋር ግንኙነቴን ማቆየት እችላለሁ?

ከምትመኙት ያነሰ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ሮቢን ደንባር የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ አንድ ሰው በሚገባ አውቆ ሊይዘው የሚችለው የሰው ብዛት ወደ 150 እንደሚጠጋ ይናገራል። ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ከዚያ ውስጥ ያለው አከፋፈል ነው፤ ወደ 5 የሚሆኑ የልብ ሰዎች፣ እነርሱን ጨምሮ 15 የሚሆኑ የቅርብ ወዳጆች፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 150። ቁጥሮቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ ሐሳቡ ግን በራሴ ሕይወት ላይ ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለአንድ ሰው ጊዜ ስትሰጡ ከሌላው ላይ ትወስዳላችሁ። ጊዜውም ልብም ስፍር አለው።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ምሽት ወረቀት አውጡና «ይህ ዓመት ቢያልቅ፣ ከዚህ ሰው ጋር ባለመነጋገሬ የማዝነው ከማን ጋር ነው?» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ስም ሊሆን ይችላል፤ ሰባትም ሊሆን ይችላል። ለእነርሱ ቃል ግቡ። ለቀሩት ቃል አትግቡ። «በየሳምንቱ እደውላለሁ» ብሎ ለሃያ ሰው የማለ ተማሪ እስከ ሁለተኛው ወር ድረስ ሃያ ዕዳ ይኖርበታል፤ ከዚያ ኀፍረቱ ራሱ ስልኩን እንዳያነሣ ያደርገዋል። ለብዙ ወዳጅነት መቀዝቀዝ ምክንያቱ ፍቅር ማለቁ ሳይሆን ይህ ኀፍረት ነው ብዬ አምናለሁ።

በምን ያህል ጊዜ ብንደዋወል ይበቃል?

ለሁሉም የሚሆን ልክ የለም። እኔን የጠቀመኝ የተወሰነ ቀንና ሰዓት መያዝ ነው፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም ቢሆን። «ሲመቸን እንደዋወላለን» የሚለው ቃል ሲመች አላየሁም።

የሰዓት ልዩነቱን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በሄዳችሁ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሆነ ግን ሺህ ኪሎ ሜትሮች ተጉዛችሁም ሰዓታችሁ አንድ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አገሮች ሙሉ ሰዓት እንኳ አይከተሉም፤ ሕንድ ከግሪንዊች በአምስት ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል በአምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይቀድማሉ። ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት መቀየሩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በመጋቢት ወር መጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ገፍተው በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ይመልሱታል፤ በአብዛኛው አሜሪካ ደግሞ የሚቀየረው በመጋቢት ሁለተኛ እሑድና በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ነው። ወራቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምለው። ስለዚህ በመጋቢት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፣ በመከር ደግሞ አንድ ሳምንት፣ በሁለቱ መካከል የለመዳችሁት ልዩነት ይዛባል። ሰዓት የማይቀይሩ አገሮችም ብዙ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ «ረሳኸኝ» ብላ አምርራ የጻፈችልኝ እኔ አንድ ሰዓት ዘግይቼ በሰዓቱ የደወልኩ በመሰለኝ ቀን ነበር። እነዚህን እሑዶች ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

ከስልክ ጥሪ ይበልጥ የያዘን ግን የድምፅ መልእክት ነው። ይህችው ጓደኛዬ ከሥራ ወደ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ ትቀዳልኝ ነበር። ቃሏ ከትንፋሿ ጋር ይቆራረጣል፤ መኪና ሲያልፍ ድምፅዋ ይዋጣል፤ «ቆይ፣ ልሻገር» ትልና ዝም ትላለች። ቀጥሎ ቁልፎቿ ቅጭልጭል ይላሉ፣ በሩ ሲጢጥ ይላል፣ «በቃ ገባሁ» ብላ ታቋርጠዋለች። እኔ የምሰማው በማግሥቱ ጧት ወደ ክፍል ስሄድ ነው። የሁለታችንም ቀን ሳይነካ አብረን መንገድ የሄድን ይመስለኝ ነበር። የነገረችኝን ወሬ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ የበሩን ድምፅ ግን ዛሬም ለይቼ አውቀዋለሁ።

ስንደዋወል የምናወራው ጠፋን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ሆነ። አበቃለት ማለት ነው?

አላበቃለትም። ጥያቄው ትልቅ ስለሆነ መልሱ አነሰ እንጂ። «እንዴት ነው ኑሮ?» ለሚል ጥያቄ «ጥሩ ነው» ከማለት በቀር ማን ምን ይመልሳል? «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላሽ?» ብትሉ ግን ስም ይመጣል፤ ከስሙ ጋር ታሪክ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ያቺ ልጅ ታዲያ ምን ሆነች?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። የወዳጅ ወዳጆችን ስም ማወቅ ከአንድ ሰው ሕይወት ላለመውጣት የማውቀው ትልቁ ዘዴ ነው። በማስታወሻ ደብተር ብትይዙትም ነውር የለውም።

ሳም ሮበርትስና ሮቢን ደንባር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የወጡ ወጣቶችን ለ18 ወራት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከዘመድ ጋር ያለው ቅርበት ብዙም ሳይነካ ሲቀር፣ የጓደኛው ግን ካልተንከባከቡት ይቀንስ ነበር። የሴቶቹን ወዳጅነት ይበልጥ ያቆየው መነጋገር ሲሆን የወንዶቹን ያቆየው አብሮ አንድ ነገር ማድረግ ነበር። ሁሉም ሴት ወይም ሁሉም ወንድ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ሆኖም ስልክ ላይ ዝም የሚለው ጓደኛችሁ ምናልባት የጠላችሁ ሳይሆን ወሬ የማይመቸው ሊሆን ይችላል። ከእርሱ ጋር በኢንተርኔት ቼዝ ተጫወቱ፣ አንድን ጨዋታ በአንድ ሰዓት ከፍታችሁ እዩ፣ አንድ መጽሐፍ በየምዕራፉ አብራችሁ አንብቡ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል።

ያለ እኔ ሲዝናኑ በፎቶ ሳይ ያመኛል። ቅናት ነው?

ቅናትም ናፍቆትም ነው፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። የቡድን መልእክቱን ከፍታችሁ መቶ ምናምን ያልተነበበ መልእክት ስታገኙ፣ ሁሉም የሚስቁበት ቀልድ መነሻው እናንተ ተኝታችሁ ሳለ እንደነበር ስትረዱ፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ሁሉንም ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ አይጠቅምም። አንዷን ለብቻዋ «ያ ቀልድ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ የምትነግራችሁ እርሷ ናትና ቀልዱ በእርሷ በኩል የእናንተም ይሆናል። ማታ ማታ ግን ፎቶ አታገላብጡ።

የመጀመሪያው ወር ደስ ብሎኝ አለፈ። አሁን ግን ከአልጋ መነሣት ያስጠላኛል። ምን ነካኝ?

የሥነ ሰብ ተመራማሪው ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ በባዕድ አገር የሚደርሰውን መናወጥ ሲያብራራ ምክንያቱን ያደረገው የለመድናቸው ጥቃቅን ምልክቶች መጥፋታቸውን ነው፤ መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ አንድ ሰው የሚናገረው የምሩን ይሁን አይሁን፣ ግብዣን መቼ ተቀብሎ መቼ እምቢ እንደሚባል። ጓደኞቻችሁ ጋር እነዚህን ሁሉ ሳታስቡ ታደርጉ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ታስባላችሁ። ድካሙ ከዚያ ነው።

ኖርዌያዊው ስቨሬ ሊስጎርድ ደግሞ ፉልብራይት በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ልውውጥ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ጥናት፣ ከስድስት ወር ያነሰ የቆዩትና ከአሥራ ስምንት ወር በላይ የቆዩት ደህና ሲለምዱ በመካከል ያሉት ይበልጥ እንደሚከብዳቸው ጻፈ። አንድ ዓመት የሚውለው እዚያ መካከል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪዎችን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥተው የተከታተሉ ጥናቶች ግን ብዙዎችን ይበልጥ የሚከብዳቸው መጀመሪያው እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ የማንንም ካርታ ጠብቃችሁ «እኔ ለምን እንዲህ ሆንኩ» አትበሉ።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እላችኋለሁ። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ክፍላችሁን ቆልፋችሁ መዋል ከጀመራችሁ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ለጓደኞቻችሁም እውነቱን ንገሯቸው። ብዙ ተማሪ «ዕድሉን አግኝቼ እንዴት አማርራለሁ» ብሎ የሳቀበትን ፎቶ ብቻ ይልካል፤ በሩቅ ያሉትም ደስ ብሎት ነው ብለው ዝም ይላሉ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ላለማስጨነቅ ብሎ ይራራቃል።

አዲስ ጓደኛ ማፍራት የድሮዎቹን መክዳት አይሆንም?

አይሆንም። የድሮዎቹ ከእናንተ የሚፈልጉት ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ እነርሱን እንድታስቡ አይደለም። እንዲያውም ሁሉንም ጭነት በሩቅ ባለ አንድ ሰው ላይ የጣለ ተማሪ ያን ሰው ያደክመዋል።

ደግሞ አዲስ ወዳጅ በአንድ ምሽት አይገኝም። ጄፍሪ ሆል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ጓደኝነት 90 ሰዓት ያህል፣ ወደ ልብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። በሳምንት አራት ሰዓት አብራችሁት የምትሆኑት ሰው ሃምሳውን ሰዓት የሚሞላው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እንግዲህ በስድስተኛው ሳምንት «እዚህ ጓደኛ የለኝም» ማለት ገና ያልበሰለን ነገር መቅመስ ነው። ክበብ፣ የስፖርት ቡድን፣ መዘምራን፣ በጎ ፈቃድ፣ ምንም ይሁን፤ የእነዚህ ጥቅማቸው ያንኑ ሰው በየሳምንቱ ደግሞ ማገናኘታቸው ነው።

ከአገር ልጅ ጋር ብቻ መዋልስ? አንዳንዶች «ለዚህ ነው የሄድሽው?» ብለው ይነቅፋሉ። ነቀፋው ልክ አይመስለኝም። ስቲቨን ቦችነር የተባለው ተመራማሪ የውጭ ተማሪ ሦስት ዓይነት ወዳጅ እንደሚይዝ አሳይቷል፤ የአገሩ ልጅ፣ የአስተናጋጁ አገር ሰው፣ እንደ እርሱ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ። እያንዳንዱ የሚሰጠው ነገር የተለያየ ነው። ሲደክማችሁ ከሚያሳርፋችሁ ከአገር ልጅ ጋር፣ ሲጠፋባችሁ ከሚያውቀው ከአገሬው ጋር፣ ግራ ሲገባችሁ ደግሞ እኩል ግራ ከገባው እንግዳ ጋር ሁኑ።

እኔ የምቀረው ነኝ። ስለ እኔ ማንም አይጠይቅም። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ ከሁሉ ይበልጥ ልቤ ይነካል፤ ሁለቱንም ሆኜ ሳየው የሚቀረው ይበልጥ ከባድ ነበርና። የሚሄደው ዓይኑ በአዲስ ነገር ይሞላል፤ የሚናፍቀውም ቢሆን በማያውቀው መንገድ ላይ ሆኖ ነው። የሚቀረው ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር አጠገብ ያልፋል። ጓደኛዬን ከሸኘሁ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሁልጊዜ የምንገናኝበት ጥግ ላይ ስደርስ እግሬ ሳላዝዘው ቆመ። ቆሜ ማንን እንደምጠብቅ ሳስታውስ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ማዘን መብታችሁ ነው። ጓደኛችሁ በሄደበት ደስ ስላለው ብቻ እናንተም ደስተኛ መምሰል የለባችሁም። «ደስ ብሎኛል፤ ደግሞም ጎድለኸኛል» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

«የእኔ ወሬ ምን ወሬ ነው? እዚህ ምንም አዲስ ነገር የለም» እያላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ርቆ የሄደ ሰው የሚጠማው አዲስ ነገር አይደለም፤ እርሱ በየቀኑ አዲስ ነገር ጠግቧል። የሚጠማው የተለመደው ነው። ጎረቤት ያለው ግንብ ቀለም መቀባቱን፣ የምታውቁት ሰው ዛሬም አርፍዶ መምጣቱን ጻፉለት። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከአንድ ረጅም ደብዳቤዬ ውስጥ መልሳ የጠየቀችኝ ዝናብ መዝነቡን ብቻ ነበር፤ «ጧት ነው ማታ የዘነበው?» አለች።

ባዶውን ጊዜ ደግሞ ሙሉት። ከእርሷ ጋር ታሳልፉት የነበረውን ሰዓት ባዶ አድርጋችሁ አትጠብቋት። ሁልጊዜ ሦስት ሆናችሁ የምትገናኙ ከነበረና መካከለኛዋ ከሄደች፣ የቀራችሁት ሁለታችሁ እስከ ዛሬ ብቻችሁን አውርታችሁ እንደማታውቁ ልትደነግጡ ትችላላችሁ። ተገናኙ። መጀመሪያ ስለ ሄደችው ታወራላችሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ ሌላ ነገር ይመጣል።

ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ ቢመጣ መቼ ይምጣ?

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በኋላ፣ ከፈተና ሳምንታት ውጭ። ቀደም ብሎ ከመጣ ገና ያልያዘውን ሥር ይነቅለዋል። ሲመጣ ታዋቂ ቦታዎችን ከማሳየት በፊት የምትማሩበትን ክፍል፣ ልብስ የምታጥቡበትን ቦታ፣ አውቶቡስ የምትጠብቁበትን ፌርማታ አሳዩት። ከዚያ በኋላ ስትደውሉ «ፌርማታው ጋ ነኝ» ብትሉ ያያችኋል።

በመካከል ጓደኛዬ ሐዘን ቢደርስበትስ?

ወዲያውኑ ደውሉ። ምን እንደምትሉ ባታውቁም ደውሉ፤ ዝም ብላችሁ ስልኩን ይዛችሁ ብትቆዩም ይቆጠራል። ሌላ ቅርብ ጓደኛ በአካል እንዲሄድ ለምኑ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ደውሉ። በሩቅ ያለ ሰው ለቅሶ ላይ መድረስ ባይችልም ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ላይ መድረስ ይችላል።

አንድ ጓደኛዬ ጨርሶ ዝም አለ። ልጻፍለት ወይስ ክብሬን ልጠብቅ?

ጻፉ። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሟቸው ተከታታይ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ሰዎች ለጠፉት ወዳጅ አጭር መልእክት ሲልኩ ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታ አሳንሰው ይገምታሉ፤ መልእክቱ ያልተጠበቀ ሲሆን ደግሞ ደስታው ይበልጣል። ዳንኤል ሌቪንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዓመታት የተቋረጠ ትውውቅ እንደገና ሲቀሰቀስ የድሮው መተማመን አብሮ እንደሚነሣ አሳይተዋል። ዝም ያለ ወዳጅነት ሁሉ የሞተ አይደለም።

«ለምን ጠፋህ?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ ያ መጥሪያ ነው። «ዛሬ አንተን የሚያስታውስ ነገር አየሁ» በሉና ያያችሁትን ንገሩት። ሁለቴ ጽፋችሁ መልስ ከሌለ ተዉት፤ በሩን ግን አትዝጉ።

ስመለስ እንደ ድሮው እንሆናለን?

በመጀመሪያው ሳምንት አዎ፤ ሁሉም ተቃቅፎ ይስቃል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ግራ ልትጋቡ ትችላላችሁ። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ከውጭ የተመለሱ ሰዎች በአገራቸውም እንደገና የመውረድና የመውጣት ጊዜ እንደሚያሳልፉ ጽፈዋል። የሚያስደነግጠው ማንም ስላልጠበቀው ነው። ወደ ውጭ ስትሄዱ ባዕድ እንደምትሆኑ ታውቃላችሁ፤ በገዛ ቤታችሁ ግን ማን ይገምታል?

ተመላሹ ታሪኩን የሚያዳምጠው ይሻል፤ የቀሩት ደግሞ ያመለጠውን ሊነግሩት ይሻሉ። ሁሉም ሲናገር ሰሚ ይጠፋል። ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ። «እኔ በሌለሁበት ምን ሆነ?» ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ ጠብ ካለፈ፣ ፍቅር ከተጀመረ፣ አንዱ ሥራ ካጣ፣ ሁሉንም። «እዚያ እኮ እንዲህ አይደለም» የምትለዋን ለጥቂት ጊዜ ያዝ አድርጓት። የእናንተም ተራ ይደርሳል፤ ሁሉም ባይሰማችሁ ከእነዚያ ስማቸውን ከጻፋችኋቸው ሰዎች አንዱ ይሰማችኋል።

እኔ በተመለስኩ በአራተኛው ቀን ያቺ የድምፅ መልእክት ትልክልኝ የነበረች ጓደኛዬ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ አብረን ወደ ቤቷ ሄድን። ብዙ የምናወራ መስሎኝ ነበር፤ አብዛኛውን መንገድ ዝም ብለን ሄድን። መሻገሪያው ጋ ስንደርስ «ቆይ፣ ልሻገር» አለች፣ ከልምድ። ከዚያ ቁልፎቿን አወጣች፤ በሩ ሲጢጥ አለ። «በቃ ገባሁ» ልትል ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋትና ሁለታችንም ሳቅን። «ግባ እንጂ» አለችኝ።